አምስተኛው ጥያቄ

«ዜሮ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? ክፍሉ በሙሉ አንድ ሲል እሷ ብቻዋን ሦስት ብላ ጻፈች።»

ባንተአምላክ ይህን ያለው ለሚስቱ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ። ሠርክአዲስ ከመጋረጃው ወዲህ ደብተሮቿን ቦርሳ ውስጥ ስትከት ሰማችው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ካለችው ከዚች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እህተ ማርያም የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትሸጣለች። ባንተአምላክ ደግሞ የአክስቷ ባል ብቻ አይደለም፤ በከተማው በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የሒሳብ መምህሯ ነው። እቤት አክስቷን «እታለም»፣ እሱን «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ክፍል ውስጥ ግን «መምህር» ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እህተ ማርያም፣ «ተሳስታ ነው?» ስትል ተሰማት። ሠርክአዲስ ቦርሳዋን እንደያዘች ጠበቀች። መልስ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ የስፌት መኪናው ፔዳል መረገጥ ጀመረ፤ የዕለቱ የመጀመሪያ ኮሌታ መሰፋት ያዘ።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ሻያቸውን በዳቦ ጠጡ። ታኅሣሥ ስለነበር የጠዋቱ ብርድ ይቆረጥማል፤ እህተ ማርያም ነጠላዋን ደርባ የብርጭቆውን ሙቀት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ባንተአምላክ የቡሬ መንገድ ዛሬ ክፍት መሆኑን ሰው እንደነገረው አወራ፤ ኔትወርክ ደግሞ ከትናንት ይሻላል አለ። እህተ ማርያም የጨርቅ ዋጋ እንደገና መጨመሩን ተናገረች። ስለ ፈተና ማንም አላነሳም። ሠርክአዲስ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ግን የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ ነበር። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቀድሟት ወጣ። እዚህ ቤት የገባች ሰሞን ያወጣው ሕግ ነው፤ አብረው አይሄዱም፣ አብረው አይመለሱም፣ ማታ ስለ ትምህርት አይጠያየቁም። «ሰው አፍ አለው» ብሏት ነበር ያን ጊዜ።

ኮሌጁ ስትደርስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ዙሪያ ተማሪ ተሰብስቧል። ቡሬ ያለ አንድ ፋብሪካ ከክፍላቸው ሁለት ተማሪ ለሦስት ወር የተግባር ልምምድ እንደሚቀበል፣ ጎበዝ የሆነውን እዚያው እንደሚቀጥር ከተነገረ ወር አልፎታል፤ ምርጫው በሒሳብ ፈተናው ውጤት ነው። አንደኛ ወንዳወቅ፣ ሁለተኛ ሥርጉት። ሦስተኛዋ ሠርክአዲስ ናት፤ ከሥርጉት በአራት ነጥብ አንሳለች። አምስተኛው ጥያቄ ለብቻው አሥር ነጥብ ይይዝ ነበር። ወንዳወቅን ሰው ከቦ ትከሻውን ይመታዋል። ቦታ አስለቅቆ ወደ እሷ መጣና፣ «አንችም ትገቢያለሽ ብዬ ነበር እኮ» አላት። ከልቡ ነው ያለው። «እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ እሷም ከልቧ ለማለት ሞከረች።

የጥያቄው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ረጅም ቀመር ተሰጥቷቸው፣ ግራፉ አግዳሚውን መስመር ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥና የት የት እንደሚያቋርጥ ጻፉ ተባሉ። ኮሌጁ ሥራው ካበቃ የመንገድ ፕሮጀክት የተረፉ ዘጠኝ ግራፍ የሚስሉ ካልኩሌተሮች አሉት፤ ቀመሩን ሲጽፉባቸው ግራፉን ስክሪን ላይ ስለው ያሳያሉ። ተማሪው ሠላሳ ስድስት ስለሆነ አንዱን ለአራት በተራ ይጠቀማሉ። የፈተናው ቀን፣ በቡድኗ መጨረሻ የነበረችው የሠርክአዲስ ተራ ሲደርስ የቡድናቸው ካልኩሌተር ባትሪው አለቀ። እጇን ልታወጣ አስባ ነበር፤ ግን «የመምህሩ ዘመድ ስለሆነች ሌላ ተሰጣት» እንዳይባል ፈርታ ዝም አለች። ቁጥሩን አንድ በአንድ እያስገባች በእርሳስ ሠራችው። በአንድ ዜሮ መጣ። በአንድ ነጥብ አንድም ዜሮ መጣ። በአንድ ነጥብ ሁለት ደግሞ ሌላ ዜሮ። ሦስት ጊዜ ብላ ጻፈች። ሌሎቹ ሠላሳ አምስቱ ስክሪኑን አይተው አንድ ጊዜ ብለው ጻፉ።

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ካልኩሌተር በፊርማ ወስዳ ከላብራቶሪው ኋላ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀመሩን ቀስ ብላ፣ ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየች አስገባች። መስመሩ ከታች ተነሥቶ ወጣ፤ መሐል ላይ ትንሽ ተኛ፣ አግዳሚውን አንድ ጊዜ ቆርጦ ወደ ላይ ሄደ። አንድ ጊዜ። አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ ያው ነው። ደብተሯን አውጥታ በእርሳስ ሠራች፤ ሦስት ዜሮ መጣላት። ስክሪኑን አየች፣ ደብተሩን አየች። ሁለቱ አንድ ቀመር ናቸው፣ ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው፤ እንዴት አንዱ አንድ ሌላው ሦስት ይሆናል? ምናልባት ማባዛት ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ተንጋዶ ይሆን? አባቷ ያለፈው ክረምት በሬ ሸጠው ልብስና መጽሐፍ ሲገዙላት፣ መንደርተኛው ሁሉ «የሒሳብ ልጅ ናት» እያለ ሲመርቃት፣ ያ ሁሉ በስሕተት ይሆን? ሠላሳ አምስት ሰውና አንድ ማሽን በአንድ ወገን፣ እሷና አንድ እርሳስ በሌላ ወገን። ደግሞም የጋሼ ዝምታ አለ። ተሳስታ ከሆነ «አዎ» ማለት ምን ያቅተው ነበር?

የሒሳብ ክፍለ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑን መልሳ ዋናው መንገድ ላይ ወጣችና ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች፤ ማንኩሳ ልትወርድ። ማንኩሳ የምትሄደው መምህር ገብረሰንበት ዘንድ ነበር። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ በርበሬ ለቡሬ ገበያ ይዘዋል፤ ኩንታሉ ከላይ ተጭኖ ሽታው እውስጥ ድረስ ያስነጥሳል። «አምና ኪሎው ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ! መሬቱ ያው፣ ድካሙ ያው፤ ዋጋውን ማን እንደሚያወጣው ግን አላውቅም» አሏት። ሠርክአዲስ «እኔም አላውቅም» አለቻቸው፤ ስለ በርበሬ አልነበረም የምታስበው።

መምህር ገብረሰንበት ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ላይ የተሰጣ በርበሬ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ፣ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «እንዴት አደሩ መምህር?» «ይመስገን፣ ይመስገን። ግቢ ልጄ። አባትሽ ደኅና ናቸው፣ ወለተ ኢየሱስ?» ሠርክአዲስ መሆኗን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ዓይናቸው ላይ ያወቋት አትመስልም። የመጣችበትን ተናግራ ቀመሩን የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ሦስቱንም ቁጥሮች እያስገቡ በጣታቸው ሸራው ጠርዝ አቧራ ላይ ሠሩ፤ ሦስቱም ዜሮ ሆኑ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱላት።

«ከአንድና ከአንድ ነጥብ አንድ መካከል ምን አለ?»

«አንድ ነጥብ ዜሮ አምስት።»

«አስገቢዋ።»

ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ባለቤታቸው ውሃ አምጥተውላት ቆመው ጠበቁ። መጨረሻ ላይ የወጣው ቁጥር እጅግ ትንሽ ነበር፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ዜሮ ተደርድሮ ከዚያ ሦስት፣ ሰባት፣ አምስት። «ከዜሮ በላይ ነው በታች?» አሉ። «በላይ።» «ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያስ?» በአንድ ነጥብ አንድ አምስት ሠራችው፤ ያው ትንሽ ቁጥር ነው፣ ግን ከዜሮ በታች። «ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ» አሉ መምህር ገብረሰንበት። «ማሽንሽ አልዋሸም። ከሩቅ ቆሞ ነው ያየው። ያንን ተራራ አየሽው? ከዚህ ሆኜ ሳየው ሰው የሚኖርበት አይመስለኝም፤ ስንት ቤት አለበት። ጠጋ አድርጊዋ!»

ልትስማቸው ጎንበስ ስትል እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው፣ «አይዞሽ ወለተ ኢየሱስ፣ ፈተናው መቼ ነው?» አሏት። ፈተናው አልፏል፤ ይህንም ገና ስትመጣ ነግራቸዋለች። ደስታዋ እንደ ተነፋ ፊኛ መተንፈስ ጀመረ። ባለቤታቸው እስከ በር ሸኟትና በሹክሹክታ፣ «የልጆቻችንንም ስም እየረሱ ነው» አሏት። «ቁጥር ላይ ግን ሲሳሳቱ አላየሁም። ቢሳሳቱስ እኔ በምን አውቃለሁ?» ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አብሰለሰለች። ስሟን የማያውቅ ሰው ትክክል ነሽ ሲል ምስክርነቱ ምን ያህል ነው?

ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞልቷል። ባንተአምላክ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ገባ፣ ዘጠኙን ካልኩሌተሮች ለዘጠኙ ቡድን አከፋፈለ፤ አዲስ ርእስ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሠርክአዲስ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አምስተኛው ጥያቄ ላይ…» «ፈተናው አልቋል። ከክፍል በኋላ» አላት ፊቱን ከሰሌዳው ሳያዞር። አንድ ሁለት ተማሪ ሳቀ። የቡድናቸው ማሽን እጇ ላይ ነበር። ወንዳወቅ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ከፊታቸው ያሉት ሁለቱ ከሰሌዳው እየገለበጡ ናቸው። ጠጋ አድርጊዋ ያሏትን አሰበችና የአምስተኛውን ጥያቄ ቀመር አስገባች። ስክሪኑ ከየት እስከ የት እንደሚያሳይ የሚወሰንበት «ዊንዶው» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ከተማሪው ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረ ከኔጌቲቭ አሥር እስከ አሥር ነው። ግራውን ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አደረገችው፣ ቀኙን አንድ ነጥብ ሦስት። ቁመቱን ከሺህ አንድ እጅ ብቻ አድርጋ ግራፉን አስሣለችው።

መስመሩ ከታች መጣ። አግዳሚውን ቆርጦ ወጣ፣ እንደ ትንሽ ኮረብታ ጎበጠ፣ ተመልሶ ቆርጦ ወረደ፣ ሸለቆ ሠርቶ ደግሞ ሦስተኛ ቆርጦ ሽቅብ ሄደ። ሠርክአዲስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በጣቷ ነካቻቸው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ ነው። አሁን ይሄ ምን ይደረጋል? ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ አይቶታል። ፊቱ ቀስ ብሎ ሲለወጥ አየችው።

«አጥፊው» አላት በሹክሹክታ።

«ወንዳወቅ…»

«ዝርዝሩ ተለጥፏል። ለናቴ ደውያለሁ፤ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳለች። አጥፊው በማርያም።»

ጣቷ ማጥፊያው ላይ ሄደ፣ ግን አልተጫነችውም። ቀና ስትል ባንተአምላክ አጠገባቸው ቆሟል። በወንበሮቹ መካከል ሲያልፍ አልሰሙትም። ስክሪኑን አየ። ሠርክአዲስ ፊቱን አየች፤ ይደነግጣል፣ ይገረማል፣ ወይም ይቆጣል ብላ ነበር የጠበቀችው። አልተገረመም። ከዚህ በፊት ያየውን ነገር እንደሚያይ ሰው ነው ያየው። ማሽኑን ከእጇ ቀስ ብሎ ወስዶ አጠፋውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰና ትምህርቱን ከቆመበት ቀጠለ። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረበት።

ከክፍል በኋላ በር ላይ ጠብቋት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ወጡ፤ ተማሪ እያያቸው። በባጃጆቹ መካከል አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ሰፈራቸው በሚወስደው ኮብልስቶን መንገድ ገቡ።

«ያውቁ ነበር ጋሼ» አለችው።

«ወረቀትሽን ሳርም ደነገጥሁ። ‹አንድ› ብዬ መልሱን ያዘጋጀሁት እኔም ስክሪኑን አይቼ ነው። ያንችን አይቼ በእጄ ሠራሁት። ማሽኑንም አስጠግቼ አየሁት።» ትንሽ ሄዶ ቆመ። «ለሠላሳ አምስት ልጅ ዜሮ፣ ለሚስቴ እኅት ልጅ አሥር? አንድ ቤት እያደርን፣ ካንድ ትሪ እየበላን? ማን ነው ሠርታው ነው የሚል? ማታ ነግሯት ነው ይላሉ። አንችንም ሌባ ነው የሚያደርጉሽ።»

«እሽ፣ ክፍል ውስጥ አይንገሩ። እቤት ለምን አልነገሩኝም? ጠዋት እታለም ‹ተሳስታ ነው?› ብላ ስትጠይቅዎ ዝም አሉ። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ነው የተበላሸው ወይስ ማሽኑ እያልሁ ዋልሁ። ማንኩሳ ድረስ ሄድሁ።»

ባንተአምላክ መሰማቱን አላወቀም ነበር። አንገቱን ደፋ። ሠርክአዲስ የምትለው ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ሁሉ ተደባለቀባት። ይህ ሰው ሌባ ቢሆን፣ ጉቦ በልቶ ቢሆን፣ ትጮህበት ነበር። እሱ ግን አድልቷል እንዳይባል ፈርቶ ነው ያደላባት። ይህን ምን ብለው ይጠሩታል? ብትቆጣው የአክስቷ ባል ነው፤ ብታዝንለት ደግሞ የጠፋው የእሷ ነው።

«ጥያቄውን ይሰርዙት» አለችው በመጨረሻ። «ሁላችንንም በሌላ መምህር ያስፈትኑን። ማናችንም ቤቱ የማንኖር መምህር ይፈትነን። ብወድቅ እወድቃለሁ።»

«ዝርዝሩን ካወረድሁ ምክንያቱን እጠየቃለሁ። ራሴ ያወጣሁትን ጥያቄ ራሴ እንዳላወቅሁት መናገር አለብኝ። አውቄም ዝም ማለቴን።»

«አዎ» አለች።

ባንተአምላክ ወደ ቤት በኩል አየ፣ ወደ መጡበትም አየ። «አንች ሂጅ» አላትና ተመልሶ ወደ ኮሌጁ አቀና። ሄዶ ምን እንደሚያደርግ አልነገራትም፤ እሷም ልትጠይቀው ድፍረት አጣች።

እቤት እህተ ማርያም ኮሌታ እየሰፋች ነበር። ሠርክአዲስ ከፊቷ ተቀምጣ ክር እየቆረጠች ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ ፔዳሉን አላቆመችም። ባሏን አልወቀሰችም፣ የእህቷንም ልጅ አላጽናናችም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እኔን መኻል ላይ አታስገቡኝ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ መርፌው ጣቷን ወጋትና ደሙን በአፏ መጠጠች። ፀሐይ ከጣሪያው ወረደች። የተሰፉት ሸሚዞች አልጋው ላይ ተቆለሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ባንተአምላክ ገባ፣ ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ሰቀለና ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

«ዝርዝሩን አውርደውታል። ሰኞ በሌላ መምህር ትፈተናላችሁ፤ በማሽንም በእጅም» አለ። እህተ ማርያም የሽሮውን ድስት እንደያዘች ቆመች። «አንተስ?» አለችው። «እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ከእንግዲህም የነሱን ክፍል አላስተምርም።» እጁን ታጠበ። «ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ነው የጠየቁኝ። ሦስት ቀን ደብቄዋለሁ አልኋቸው።»

ሦስቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ሠርክአዲስ «ይቅርታ» ልትል አስባ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ግራ ገባትና ተወችው። ባንተአምላክ ከፊቱ ያለውን ቆርሶ አጎረሳት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት።

ትሪው ሳይነሣ ስልኳ ጮኸ። ወንዳወቅ ነው።

«ተቆጥተኸኛል?» አለችው።

«አላውቅም። ለናቴ ምን እንደምላት ግራ ገብቶኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሠርክአዲስ፣ ያ ዊንዶው ላይ ምን ምን ቁጥር ነበር ያስገባሽው? እኔ ሁልጊዜ እንደመጣ ነው የማየው። ቁጥሩን በምን አወቅሽው?»

ባትነግረው ሰኞ የቡሬው ቦታ የእሷ ነበር፤ ለዚህ ጥርጣሬ አልነበራትም። ባንተአምላክ የማይሰማ መስሎ የትሪውን ጠርዝ ያያል፤ እህተ ማርያም የማይሰማ መስላ ክር ትጠቀልላለች። ሠርክአዲስ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«መጀመሪያ በእጅህ ትፈልጋለህ፤ ዜሮው የት የት እንደሚመጣ። ከዚያ ጠጋ ትላለህ። ግራው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እስክሪብቶ ልያዝ» አለ ወንዳወቅ። ከወዲያ መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማት። ጠበቀችው።